«ትንፋሽሽን ያዢ» የሚለው ቃል ይገባት



የጡት ካንሰር ይዟት የጨረር ሕክምና የታዘዘላት እኅት የምትጨነቀው ስለ ጡቷ ነው። ልቧን የሚያስታውሳት ሰው ግን ጥቂት ነው። ልብ ደግሞ ወደ ግራ ያዘነበለ ስለሆነ፣ በግራ ጡት ላይ የሚሰጥ ጨረር ሊነካው ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት ከ1958 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት በስዊድንና በዴንማርክ በጨረር የታከሙ 2,168 ሴቶችን ተመልክቶ ነበር። ልብ ላይ ያረፈው ጨረር በጨመረ ቁጥር የልብ ሕመሙም ስጋት እንደሚጨምር፣ ሕመሙም በ5 ዓመት ውስጥም ሆነ ከ20 ዓመት በኋላ ሊመጣ እንደሚችል አሳይቷል።

ይህን የምንጽፈው ሕክምናውን ፈርታችሁ እንድትቀሩ አይደለም። ጨረሩ ካንሰሩ እንዳይመለስ ይረዳል፤ የዛሬው አሠራርም ልብ ላይ የሚያርፈውን ጨረር በእጅጉ ቀንሶታል። ከዘዴዎቹ አንዱ ቀላል ነው። ታካሚዋ በረጅሙ አየር ስባ 20 ሰከንድ ያህል ትይዘዋለች፤ ሳንባዋ ሲሞላ ልቧ ከደረቷ ግድግዳ ይርቃል፤ ጨረሩም በዚያች ቅጽበት ይሰጣል።

እንግዲህ ልቧን የሚጠብቀው የራሷ ትንፋሽ ነው። ትእዛዙ ካልገባት እንዴት ትይዘዋለች? «ማዳም ትተረጉምላታለች» የሚሉ አሉ። ነገር ግን ጨረሩ ሲሰጥ ከታካሚዋ በቀር ማንም ክፍሉ ውስጥ አይቆይም። ድምፅ የሚመጣው በማጉያ ነው፤ እርሷም ብቻዋን ናት።

ስለዚህ ሆስፒታሎች ለእንግዳ ሠራተኞች በቋንቋቸው ማስረዳት አለባቸው እንላለን። ጥቂት ቃላትን በአማርኛ መቅዳት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አሠሪዎችም በሕክምና ቀጠሮ ቀን ሥራ አያዝዙ። ዓረብኛ በደንብ የምትችሉ እኅቶች ደግሞ የታመመችውን ሳይጀመር፣ ልምምዱ በሚደረግበት ቀን አጅቧት። «ነፈስ» ሲሉ ትንፋሽ ማለታቸው መሆኑን አስቀድማ ትወቅ።

አንቺም እኅታችን፣ «ሕክምናዬ በግራ በኩል ነው፤ ልቤን እንዴት ትጠብቁልኛላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ትንፋሽ መያዝ ቢያቅትሽ ሌላ ዘዴ ሊኖር ስለሚችል ሳታፍሪ ንገሪያቸው። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ካለብሽም አትደብቂ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

በመጨረሻም ሕክምናው ሲያልቅ፣ ምን ያህል ጨረር በየትኛው በኩል እንደተሰጠሽ የሚገልጸውን ወረቀት ተቀብለሽ ከፓስፖርትሽ ጋር አስቀምጪ። ኮንትራት ያልቃል፣ አገር ይቀየራል፤ ልብሽ ግን አብሮሽ ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ አገር ቤት የሚያይሽ ሐኪም የሚያነበው ያንን ወረቀት ነው።

እግዚአብሔር የታመሙትን ይማርልን።