ስም የማይጠራ ሙሾ



በእጅ እየተገለበጠች ከጎጆ ጎጆ ለምትዞረው ለዚህች ወረቀት የሚላኩት ግጥሞች አብዛኞቹ አንድ ናቸው። ሀገርን በእናት ይመስላሉ፤ እናቲቱን ያስለቅሳሉ፤ ጦርነትንም እንደ አንበጣ ከሰማይ የወረደ መዓት አድርገው ይደመድማሉ። ለመሆኑ ይህ ሁሉ ለቅሶ ለማን ነው?

የሀገራችን አልቃሽ እንዲህ አታደርግም። ሙሾ ከማውረዷ በፊት የሟቹን ስም፣ የአባቱን ስም፣ ሙያውን፣ ጥሎት የሄደውን ልጅ ትጠይቃለች። ሟቹን ሳታውቅ ብታለቅስ ለቀስተኛው ይታዘባታል። ፊደል ያልቆጠረችው አልቃሽ የምታከብረውን ሕግ የተማረው ገጣሚ ስለምን ይሽራል?

ስም መጥራት ስለሚያስጠይቅ ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2013 ዓ.ም. በማይካድራ ሳምሪ የተባለው የወጣቶች ቡድን ለጨፈጨፋቸው አማሮች የሚያለቅሰው፣ በዚያው ዓመት ኅዳር 19 እና 20 ቀን የኤርትራ ወታደሮች በአክሱም የፈጁትን ሕዝብ ይዘላል። ለአክሱም የሚያለቅሰውም ማይካድራን አያነሣም። የሁለቱም ሐዘን እውነት ነው፤ ግማሹ ብቻ የተነገረ እውነት ግን ለሚቀጥለው ጦርነት ስንቅ ይሆናል። ሁለቱንም የፈራው ደግሞ «ሀገሬ» በምትለው ቃል ውስጥ ይደበቃል።

ጉዳቱም ተኩስ ሲቆም አያበቃም። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈረመ። የትግራይ ልጆች ግን በወረርሽኙና በጦርነቱ ሦስት ዓመት ያህል ያለ ትምህርት ቀርተው ነበር። በዚያው ዓመት ማብቂያ በአማራ ክልል ሌላ ጦርነት ተነሥቶ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆችን ከክፍል አስወጣ። ሁለተኛ ክፍል ላይ ያመለጠ ንባብ አምስተኛ ክፍል ላይ ተጠብቆ እንደማይገኝ መምህር ሁሉ ያውቃል። ዘላቂው ቁስል ይህ ሆኖ ሳለ ስለ ተዘጋ ትምህርት ቤት አንድ ስንኝ አላነበብሁም።

መዓት ነው የሚሉት እስቲ ዙሪያቸውን ይመልከቱ። ኡም ራኩባ በ1977ቱ ረኃብ ዘመን ወገኖቻችንን አስጠለለ፤ በ2013 ዓ.ም. ለጦርነት ስደተኞች ዳግመኛ ተከፈተ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ የሱዳን ጄኔራሎች እርስ በርስ ተታኩሰው፣ ከካርቱም የሸሸው ሕዝብ በተራው ወደ ገዳሪፍ ጎረፈ። ይህን ያዘዘው ሰማይ ነውን? ሰው አይደለምን?

ስለዚህ ግጥም የምትልኩ ሁሉ፣ በእያንዳንዱ ግጥም ውስጥ አንድ ቦታ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ሟች አስገቡ፤ የገደለውንም አትሸሽጉ። ለራሱ ወገን ሟች ያለቀሰም በሚቀጥለው ግጥሙ የጎረቤቱን ሟች ያልቅስ። ይህን የማይደፍር ለቅሶ ቤት አይግባ!