በእሌኒ ተራራ ሥር ያለችው የፍል ውኃ ከተማ

በሰሜን ካሊፎርኒያ 1,323 ሜትር ከፍታ ያለው አንድ ተራራ አለ፤ ስሙም የቅድስት እሌኒ ተራራ ይባላል። ቅዱስ መስቀሉን ያስቈፈረችው ንግሥት ስሟ በዚያ ሩቅ ሀገር በተራራ ላይ ተሰይሞ መገኘቱን ስንነግራቸው ብዙዎች ወዳጆቻችን ይደነቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1841 በፎርት ሮስ ከነበረው የሩሲያውያን ሰፈር የተነሡ ሰዎች እስከ ጫፉ ወጥተው የመዳብ ሰሌዳ እንደ ተከሉበት የታወቀ ነው። ስሙን ግን ማን እንደ ሰጠው የሚነገረው ታሪክ ብዙ ስለ ሆነ፥ አንዱን መርጠን እውነቱ ይህ ነው አንልም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስተውሉ እንለምናለን።)

ናፓ የሚባለው የወይን ሸለቆ የሚያልቀው በዚህ ተራራ ግርጌ ነው። በሸለቆው ራስጌ ያለችው ትንሽ ከተማ ካሊስቶጋ ትባላለች፤ ሕዝቧ ከአምስት ሺህ ጥቂት ቢበልጥ ነው። በኦክላንድ፥ በሳን ሆዜና በዙሪያቸው የሚኖሩ ወገኖቻችን ቅዳሜ ማለዳ ልጆቻቸውንና አያቶችን ይዘው ቢነሡ፥ ማታ ወደ ቤታቸው ሊመለሱ ይችላሉ፤ ከኦክላንድ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያስኬዳል። ይህችን ከተማ ለዚህ ወር የቤተ ሰብ ጉዞ ገጻችን የመረጥናት ግን ስለ ቅርበቷ ብቻ አይደለም። አረጋውያን እናቶቻቸውን «ፈውስ አለበት» በማለት ወደዚያ ፍል ውኃ የሚወስዱ ልጆች እንዳሉ ስለምናውቅ፥ ነገሩን ገልጠን ልንነግራቸው ስለ ፈለግን ነው።

የዚህ ምድር የጥንት ባለቤቶች ዋፖ የሚባሉት ነገዶች ነበሩ። ከመሬት በሚወጣው ፍል ውኃና እንፋሎት ሕመማቸውን እያስታገሡ ብዙ ዘመን ኖረዋል። ከእነርሱ በኋላ ሳሙኤል ብራናን የሚባል ነጋዴ መጣ። ይህ ሰው በ1848 በሳን ፍራንሲስኮ መንገድ ላይ «ወርቅ ተገኘ!» እያለ የጮኸ፥ ነገር ግን ወርቁን ራሱ ከመቈፈር ይልቅ ለቈፋሪዎች አካፋና ሳሕን በመሸጥ የበለጸገ ብልኅ ነው። በፍል ውኃው ዙሪያ ሰፊ መሬት ገዝቶ በ1862 ለባለጸጎች መታጠቢያና ማረፊያ ከፈተ። በዚያ ዘመን በኒው ዮርክ ግዛት በማዕድን ውኃዋ የታወቀች ሳራቶጋ የምትባል ከተማ ነበረችና፥ ብራናን «የካሊፎርኒያ ሳራቶጋ አደርጋታለሁ» ሊል ሲል ምላሱ ተደናቅፎ «የሳሪፎርኒያ ካሊስቶጋ» አለ ይባላል። ስሙም በዚያው ጸና። የባቡር ሐዲድ በ1868 ደረሰላት። ይሁን እንጂ የብራናን ሀብት አልሰነበተም፤ ትዳሩ ፈርሶ ንብረቱም ተበትኖ በ1889 በድኽነት ሞተ።

ካሊስቶጋ በሕግ የከተማነት መብት ያገኘችው በ1886 ነው። በዚያው ዓመት በሀገራችን እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍል ውኃ ወርደው ስፍራውን ስለ ወደዱት አዲስ አበባ ተቈረቈረች። የፍል ውኃን መታጠቢያ የሚያውቁ አንባብያን እንግዲህ ይህችን ከተማ እንደ ባዕድ አያዩአትም።

አሁን ወደ ውኃው እንምጣ። የዝናም ውኃ በምድር ስንጥቅ ወደ ታች ወርዶ፥ ከሥር ባለው ትኩስ አለት ሞቆ፥ በመንገዱ ልዩ ልዩ ማዕድናትን አሟሙቶ ተመልሶ ይወጣል። ካሊስቶጋን ከሌሎች ልዩ የሚያደርጋት የጭቃው መታጠቢያ ነው። ከጥንት እሳተ ገሞራ የቀረ አመድ በፍል ውኃ ይቦካል፤ በአንዳንዱ ቤትም የበሰበሰ የረግረግ ሣር አፈር ይጨመርበታል። ሰው እስከ አንገቱ ይገባበታል። ጭቃው ወፍራም ስለ ሆነ ገላ ወደ ታች አይሰጥምም፤ ተንሳፎ ይቀራል። ሙቀቱ ከሰው ገላ ሙቀት ጥቂት ከፍ ያለ ሲሆን፥ ቈይታውም ከዐሥር እስከ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ ታጥበው ወደ ማዕድን ውኃ ገንዳ፥ ቀጥሎም ወደ እንፋሎት ክፍል ይገባሉ፤ በመጨረሻም በአንሶላ ተጠቅልለው ጋደም ይላሉ። ወደ ጭቃው የሚገባው በእርቃን ገላ ስለ ሆነ፥ ወንድና ሴት ተለይተው የሚታጠቡ መሆናቸውን አስቀድሞ በስልክ መጠየቅ ይገባል። ዋጋውም ቀላል አይደለም።

ጥቅሙስ ምንድር ነው? የሞቀ ውኃ የደከመ ጅማትን ያላላል፥ የመገጣጠሚያን ሕመም ለጊዜው ያቀላል፥ እንቅልፍም ያመጣል። ይህን ያህል ብቻ ነው። ከዚህ አልፎ የደም ግፊትን ወይም የስኳርን በሽታ ያድናል የሚል ቢኖር አትስሙት። ጠበልም አይደለም፤ ጠበል በጸሎት ተባርኮ በእምነት የምንቀርበው ነው፥ ይህ ግን በገንዘብ የሚከፈት የመታጠቢያ ቤት ነው። ስለዚህ «ፍል ውኃው ይበቃኛል» ብሎ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ማቋረጥ ታላቅ ጥፋት ነው።

ሙቀት የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ የደም ግፊት በድንገት ዝቅ ይላል። በዕድሜ የገፉ እናት ከገንዳው ፈጥነው ቢነሡ ዐይናቸው ይጨልምና ይወድቃሉ። አደጋው የሚብሰውም በጾም ቀን ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ የዋሉ ሰው ወደዚህ ሙቀት ፈጽሞ መግባት የለባቸውም። የልብ ሕመም ያለበት፥ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ፥ እንዲሁም ነፍሰ ጡር የሆነች ሁሉ ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይግባ። የስኳር በሽታ እግሩን ያደነዘዘበት ሰው ደግሞ ሙቀቱ ሳይታወቀው ሊቃጠል ስለሚችል፥ ውኃውን አስቀድሞ ሌላ ሰው በእጁ ይለካለት። እኛ ብንጠየቅ እናትን በጥላ ሥር አስቀምጦ እግራቸውን ለብ ባለ ውኃ ማስነከር ከጭቃው ይሻላል እንላለን።

ከተማዋን በእግር ለማየት አንድ ሰዓት ይበቃል። በ1868 የተሠራው የባቡር ጣቢያ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። ሻርፕስቲን የሚባለው ትንሽ ቤተ መዘክር የተከፈተው በ1978 ሲሆን፥ መሥራቹ በዋልት ዲዝኒ ዘንድ ተንቀሳቃሽ ሥዕሎችን ይሠራ የነበረው ቤን ሻርፕስቲን ነው። ብራናን ካሠራቸው ጎጆዎች አንዱ በዚያ ይገኛል፤ የጥንቱም የመታጠቢያ ስፍራ በትንንሽ ምስል ተሠርቶ ስለሚታይ ልጆች ይወዱታል።

ከከተማው ወጣ ሲሉ ውኃው በየጊዜው ወደ ሰማይ የሚፈነጠቅበት ስፍራና ድንጋይ የሆነ ደን አሉ። ሁለቱም የግል ይዞታ ስለ ሆኑ መግቢያ ያስከፍላሉ። አንዱን ብቻ መምረጥ የሚያስፈልግ ከሆነ ደኑን ምረጡ። ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በፊት እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ታላላቆቹን የሬድውድ ዛፎች ጣላቸው፤ አመድም ቀበራቸው። በአመዱ ውስጥ ያለፈው ውኃ ያሟሟውን ማዕድን በእንጨቱ ውስጥ ቀስ በቀስ እየተካ ግንዱን ድንጋይ አደረገው። የዛፉ ቅርፊትና መሥመር ሳይጠፋ ይታያል፤ በእጅ ሲነኩት ግን ድንጋይ ነው። ልጅ ይህን አይቶ ሳይጠይቅ አያልፍም።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የማረከው ተራራው ነው። ከከተማው በ29 ቍጥር ጎዳና ወደ ሰሜን 12 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ሲወጡ፥ በስኮትላንዳዊው ደራሲ በሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ስም የተሰየመው የመንግሥት ፓርክ ይገኛል። ስቲቨንሰን በ1880 በግንቦት ወር በሳን ፍራንሲስኮ አገባ። ሳንባው ታሞ ነበር፤ ገንዘብም አልነበረውም። የሆቴል ኪራይ ስለ ከበደው ሙሽራይቱን ፋኒንና የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጇን ይዞ፥ ሲልቨራዶ በሚባለው የተተወ የብር ማዕድን ስፍራ፥ ሠራተኞች ጥለውት በሄዱ ጎጆ ውስጥ ተቀመጠ። መስኮትና በር በቅጡ አልነበረውም። ማለዳ ግን ጉም ሸለቆውን ሁሉ እንደ ባሕር ሲሞላው፥ እርሱ ከበላይ ሆኖ በፀሐይ ያየው ነበር። የዚያን ጊዜውን ኑሮ በ1883 መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው፤ «የሀብት ደሴት» የተባለው ዝነኛ ልብ ወለዱም በመጽሐፍ የወጣው በዚያው ዓመት ነው። የኖረው እስከ አርባ አራት ዓመቱ ብቻ ነበር።

ጎጆው በነበረበት ስፍራ የመታሰቢያ ድንጋይ ቆሟል። እስከዚያ ያለው መንገድ ከአንድ ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን፥ ዛፍ ስለሚሸፍነው ልጆችም ሊወጡት ይችላሉ። ከዚያ በላይ ያለው ግን ጥላ የሌለው ነው፤ እስከ ጫፉ ደርሶ መመለስ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፥ በመንገዱም የሚጠጣ ውኃ የለም። ጕልማሶች ማለዳ ቢነሡ፥ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን በስተሰሜን እስከ 300 ኪሎ ሜትር የሚርቀውን የሻስታን በረዶ ያያሉ። አያቶች ከመታሰቢያው በላይ ባይሞክሩት መልካም ነው።

ስለ ወይን ጠጁ ብዙ አንልም። በ1976 በፓሪስ ፈረንሳውያን ዳኞች ጠርሙሱን ሸፍነው ሲቀምሱ፥ ከነጮቹ ወይኖች አንደኛ ያደረጉት በዚህች ከተማ ዳርቻ ያለው የሻቶ ሞንተሌና ወይን መሆኑ ዓለምን አስደንቋል። ሞንተሌና የሚለውም ስም ከዚያው ከእሌኒ ተራራ ስም የተጨመቀ ነው። ዛሬ ለመቅመስ የሚጠየቀው ገንዘብ ለአንድ ቤተ ሰብ ምሳ ይበቃል፤ መኪና የሚነዳም ሰው አፉን አያስነካ። ልጆችን ግን ከመንገድ ዳር አቁሞ ተክሉን ማሳየት ዋጋ አይጠይቅም። ለቅዱስ ቍርባን የሚሆነው ዘቢብ ከምን ዓይነት ሐረግ እንደሚገኝ ብዙዎቹ አያውቁትም።

በመከር ወራት ሸለቆው ያማረ ቢሆንም፥ የእሳት ዘመንም ያው ነው። በ2017 በጥቅምት 8 ሌሊት ከካሊስቶጋ አጠገብ የተነሣው እሳት በጥቂት ሰዓታት ሳንታ ሮዛ ደርሶ 22 ሰዎች ሞተዋል፤ የካሊስቶጋም ሕዝብ ሁሉ ከተማውን ለቆ ወጥቷል። በ2020 ደግሞ መስከረም 27 ቀን፥ እኛ መስቀልን በምናከብርበት ዕለት፥ ከከተማው በስተደቡብ ምሥራቅ ሌላ እሳት ተነሥቶ ሕዝቡ ዳግመኛ ተሰደደ። ስለዚህ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የሚሄድ ሰው በዋዜማው የነፋሱንና የእሳቱን ማስጠንቀቂያ ይመልከት፤ ቀዩ ማስጠንቀቂያ ከወጣ ጉዞውን ለሌላ ሳምንት ያስተላልፍ።

ለቤተ ሰብ የሚሻለው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ነው። ኮረብታው ለምልሞ፥ በወይኑ ረድፍ መካከልም የሰናፍጭ አበባ ቢጫ ሆኖ ይታያል። ወራቱ የዐቢይ ጾም ወራት ስለ ሆነ ስንቁ አያስቸግርም፤ ዳቦ ቈሎ፥ በሶና ስልጆ ከቤት ይዞ መሄድ ነው። ከካሊስቶጋ ወደ ደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወርዶ ቦቲ በሚባለው ፓርክ ከሬድውዶቹ ሥር የመመገቢያ ገበታዎች አሉ። ከዚያም ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ተጕዞ በ1846 ወደ ተሠራው የባሌ የውኃ ወፍጮ ይደረሳል። መንኰራኵሩ ከዳር እስከ ዳር 11 ሜትር ነው። ወፍጮው የሚሠራበትን ቀን አስቀድመው ጠይቀው ቢሄዱ፥ ድንጋዩ እህሉን ሲፈጭ ይሰማል፤ በገጠር ያደጉ አያቶችም ለልጅ ልጆቻቸው የሚነግሩት አያጡም።