የክብር መዝገብ ከጠብ በፊት ይጻፍ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። ይህን ምሳሌ ከተማሪ ቤት ጀምረን እንጠቅሰዋለን፤ ዳሩ ግን የገዛ ልደቱ በጊዜው የተጻፈለት ከመካከላችን ስንቱ ነው? እናት «የተወለድኸው በጥጋቡ ዘመን፣ በመስቀል ማግሥት ነው» ብትል ለቤተ ዘመድ ይበቃል። ለውርስ፣ ለጡረታና ለፓስፖርት ግን አይበቃም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በክብር መዝገብ እንዲረጋገጡ ደንግጎ ነበር። ይሁን እንጂ ያው ሕግ በቁጥር 3361 መዝገቡ የሚጀመርበት ቀን በነጋሪት ጋዜጣ እስኪነገር ድረስ ድንጋጌው ይቆይ አለ። ቀኑ ሳይነገር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አለፈ። አዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ፣ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው።

እስከዚያው አብዛኛው ሰው ልጅነቱንም ሆነ ጋብቻውን ያስረዳ የነበረው በምስክር ቃል ነው። ምስክር ክቡር ነው፤ ነገር ግን ያረጃል፣ ይሞታል፣ ይወዳል፣ ይጠላል። ባልዋ የሞተባት ሴት ሚስትነትዋን ወራሾች ሲክዱባት፣ በሠርጉ የበሉትን ሰዎች ከየት ሰብስባ ታመጣለች?

መዝገብ ከምስክር የሚበልጠው ማኅተም ስላለበት ብቻ አይደለም፤ ጠብ ሳይነሣ፣ ሀብት ሳይታሰብ ስለሚጻፍ ነው። ሕፃን በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ የተጻፈ ቀን ለማንም አያደላም። የውጭ አገር ትምህርት ሲገኝ በ20 ዓመት ተሩጦ የሚወጣ ማስረጃ ግን በአብዛኛው ባለጉዳዩ የነገረውን መልሶ የሚናገር ነው። ሕጉ ለልደት 90፣ ለጋብቻና ለሞት 30 ቀን መወሰኑ ስለዚህ ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ ያለን ወጣቶችም ድርሻ አለን። ሕጋዊ ማስረጃ የያዘውን ሰው «ደግሞ ሦስት ምስክር አምጣ» ብሎ ማመላለስ መዝገቡን ራሱን መናቅ ነው። መዝጋቢውም ይጠንቀቅ። «ኃይሉ»ን በአንዱ ወረቀት «ሀይሉ» ብሎ የሚጽፍ እጅ አንዱን ሰው ሁለት ያደርገዋል፤ ወደ አውሮፓ ዘመን ሲመልስ 7 መደመር ሲገባው 8 የሚደምር ደግሞ ሰውን በአንድ ቀን አንድ ዓመት ይቀንስለታል።

እንግዲህ የሚያገባ ጋብቻውን፣ የሚወልድ ልጁን በጊዜው ያስመዝግብ። ዛሬ ማንም የማይከራከርበት እውነት ነገ የሚያከራክር ይሆናልና፣ የሚጻፍበት ሰዓት ዛሬ ነው።