የቮልሷ ሊብሬ

ሀዋሳ የባጃጅ ከተማ ናት። ከአቶቴ ፒያሳ፣ ከፒያሳ አሞራ ገደል የሚመላለሰው ሰው አብዛኛው በባጃጅ ነው የሚሄደው። በዚያ ግርግር መሃል አንዲት ጀርባዋ ክብ የሆነ ቮልስ ያን የታወቀ የሞተር ድምጿን እያሰማች ስታልፍ ግን መንገደኛው ዞር ብሎ ያያታል። ወጣቱ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳል፤ አዛውንቱ የማን መኪና ትዝ እንዳለው አጠገቡ ላለው ያወራል። ከዚያ የሚከተለው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ «አሁን ስንት ታወጣለች?»

ጥያቄው ቁም ነገር አለው። አሮጌ መኪና ባሕር ማዶ ትልቅ ንግድ ከሆነ ቆይቷል፤ እኛም አገር ዋጋው ሰማይ ነክቷል። ሁለቱ ግን በተለያየ ምክንያት የተወደዱ ናቸው፤ ልዩነቱን አለማወቅ ደግሞ ብዙ ያስከፍለናል።

እ.ኤ.አ. ጥር 10 ቀን 2020 ፍሎሪዳ ውስጥ ኪሲሚ በተባለች ከተማ፣ ሜከም የተሰኘው አጫራች ድርጅት አንዲት አረንጓዴ የ1968 ፎርድ ሙስታንግ መድረክ ላይ አወጣ። መዶሻው ያረፈው 3.4 ሚሊዮን ዶላር ላይ ነው፤ ኮሚሽኑ ሲታከልበት 3.74 ሚሊዮን ሆነ። ስቲቭ ማኩዊን «ቡሊት» በሚለው ፊልም ላይ የነዳት መኪና ነበረች። በ1974 አንድ ቤተሰብ በ6 ሺህ ዶላር ገዝቷት እንደማንኛውም የቤት መኪና ሲገለገልባት ኖሯል። ማኩዊን ራሱ በ1977 ሽጡልኝ ብሎ ደብዳቤ ጽፎ አልተሳካለትም። በኋላ ፍሪሲዮኗ አልቆ ቆመች፤ እንደቆመችም ለአሥርት ዓመታት ከሰው ዓይን ተሰወረች።

ስትሸጥ አልተቀባችም፣ አልተቀጠቀጠችም። ቀለሟ እንደደበዘዘ፣ ዝገቷም እንዳለ ነበር። ለፊልሙ የተገጠሙት የካሜራ ማሰሪያዎች ሳይቀሩ በቦታቸው ነበሩ። ያን ሁሉ ዶላር ያስገኘው ይኸው ነው፤ ገዢው የከፈለው እሷ ራሷ ለመሆኗ ማረጋገጫ ስለነበር ነው። የሻንሲ ቁጥሯ ከፊልሙ ዘመን ወረቀቶች ጋር ገጠመ፤ ነገሩ አለቀ።

አሜሪካኖች «መስል ካር» የሚሏቸው፣ መካከለኛ አካል ላይ ግዙፍ ሞተር የተገጠመላቸው መኪኖች ሁሉ የሚመዘኑት በዚህ ሚዛን ነው። የ1971 ፕሊመዝ ሄሚ ኩዳን እንይ። 7 ሊትር ሞተር፣ 425 የፈረስ ጉልበት አላት። ጣሪያቸው የሚታጠፈው በዚያ ዓመት የተሠሩት 11 ብቻ ናቸው፤ ያነሱትም በጊዜው ፈላጊ ስላጡ ነበር። ኢንሹራንሱ ከባድ ነው፣ የአየር ብክለት ሕጉ እየጠበቀ ነው፣ ሞተሩ ራሱ ውድ ነው። ያኔ ገዢ ካጡት ከእነዚህ መኪኖች አንዷ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲያትል ላይ በ3.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። በ2021 ኢንዲያናፖሊስ ላይ ደግሞ ለሌላዋ 4.8 ሚሊዮን ተሰጥቶባት ባለቤቷ አልሸጥም ብሎ መለሳት።

የእነዚያን መኪኖች ዘመን ጨርሶ የዘጋው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 የተጣለው የዓረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ ነው። የዚያ ማዕቀብ ወላፈን አዲስ አበባም ደርሷል። ነዳጅ ሲወደድ የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራኑም አብረው አደሙ፤ የቆየው የሕዝብ ብሶት ገነፈለ። ሰባት ወር ሳይሞላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ሮልስ ሮይስ የነበራቸው ንጉሠ ነገሥት ከቤተ መንግሥታቸው ወጥተው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በቮልስ ነው።

በመኪና ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ጉዞ ማግኘት ያስቸግራል። የፊልም ተዋናይ የነዳት ሙስታንግ 3.4 ሚሊዮን ዶላር ካወጣች፣ የሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ አለኝ የሚል ዙፋን የመጨረሻ መንገዱን የሄደባት ቮልስ ምን ልታወጣ እንደምትችል አንባቢ ይገምት። እቺ ናት ብሎ ለማስመስከር ግን የሚያስፈልገው ያው አንድ ነገር ነው፦ የሻንሲ ቁጥርና እሱን የሚደግፍ ወረቀት።

ሀዋሳም የዚያ ዘመን ልጅ ናት። ራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ገዥ በነበሩበት ጊዜ፣ በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ከሐይቁ ዳር ስትቆረቆር ቮልስ በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ እየበዛች ነበር። ሜዳማው ከተማና መኪናዋ የተስማሙ ናቸው። ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ራዲያተር የላትም፤ በስምጥ ሸለቆው ሙቀት ውሃ ፈላብኝ ብላ መንገድ ዳር አትቆምም። በመላው ዓለም ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተሠሩ በኋላ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2003 ነው። ከዚያ ወዲህ የሚጨመር የለም፤ ያለው ይቀንሳል እንጂ።

እኛ ዘንድ አሮጌ መኪና የተወደደው ግን በታሪኩ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ዕድሜው በገፋ ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከእንግዲህ እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ተለቀቀና የዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን ተሻገረ። ሦስቱ ተደራርበው አገር ውስጥ ያለውን መኪና ሁሉ አስወደዱት። ሃያ ዓመት የሞላት ቪትዝ ከሚሊዮን ብር በላይ ትጠራለች፤ ከዚያም የምታረጀው ዲኤክስ ኮሮላ «ንጹሕ ናት» ከተባለች የደላላው ስልክ አያርፍም።

ይህ የመጓጓዣ ዋጋ ነው። መኪናዋ እስከተንቀሳቀሰች ድረስ ያለ ዋጋ ነው፤ ርካሽ የኤሌክትሪክ መኪና በብዛት የገባ ቀን ይወርዳል። የመስል ካሩም ገበያ ቢሆን ከመውረድ አልዳነም፤ እ.ኤ.አ. ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ የሄሚዎቹ ዋጋ ክፉኛ ወርዶ ነበር። መጀመሪያ ያገገሙት ግን ሞተራቸው የራሳቸው፣ ወረቀታቸው የተሟላ የነበሩት ናቸው። በዚያ ገበያ ሻንሲና ሞተሩ አብረው ከፋብሪካ ለመውጣታቸው ማስረጃ ያላት መኪና፣ ሞተሯ ከተለወጠው እኅቷ እጥፍና ከዚያም በላይ ልታወጣ ትችላለች።

እዚህ ላይ ነው ኢትዮጵያዊው ባለ ቮልስ ሳያውቀው ሀብት ይዞ የተቀመጠው። እያንዳንዱ ሊብሬ ላይ ሁለት ቁጥሮች ተጽፈዋል፦ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር። የአሜሪካ ሰብሳቢዎች በስንት ድካም የሚያፈላልጉትን ማስረጃ የእኛ መንገድ ትራንስፖርት በአንድ ደብተር ላይ አስፍሮ ለባለቤቱ ሰጥቶታል። የድሮዎቹ ሊብሬዎች ባለቤት በተለወጠ ቁጥር ስሙን መዝግበው ስለሚይዙ የመኪናዋ ሙሉ የሕይወት ታሪክ ናቸው። አዲስ ሊብሬ ሲወጣ አሮጌው ሲጣል የሚጠፋው ይህ ታሪክ ነው።

ቁጥሮቹ የት እንዳሉ ለማያውቅ፦ የቮልስ ኮፈን ሲከፈት ከፊት ያለው ሻንጣ ማስቀመጫ ነው፤ ሞተሩ ከኋላ ነው። የሞተር ቁጥሩ ዲናሞው ከተቀመጠበት ሥር፣ የሞተሩ አካል ላይ ተመትቷል። የሻንሲ ቁጥሩን ለማየት የኋላውን ወንበር ማንሳት ያስፈልጋል፤ በወለሉ መሃል ለመሃል በሚያልፈው ጉብታ ላይ ይገኛል። ባትሪውም የሚቀመጠው እዚያው ወንበር ሥር ስለሆነ፣ አሲድ ሲፈስ ወለሉን ይበላዋል። ብዙዋ ቮልስ መታወቂያዋን የምታጣው እዚህ ጋ ነው፦ ወለሉ ይበሳል፣ ባትላሜራው ቆርጦ ሌላ ላሜራ ይበይድበታል፣ በዚያው ግራይንደሩ ቁጥሩን ይነካዋል። የተፋቀ ቁጥር ያላት መኪና፣ ባለቤቱ የቱንም ያህል ንጹሕ ሰው ቢሆን፣ ምርመራ ላይ ጣጣ ታመጣለች።

መካኒኮቻችን ሊወቀሱ አይገባም። መለዋወጫ በጠፋበት አገር ቮልስን ስልሳ ዓመት ያቆዩአት እነሱ ናቸው። ፓራፋንጎዎቿ በቡሎን የታሰሩ በመሆናቸው ከአንዷ ፈትቶ ለሌላዋ ማሰር ቀላል ነው፤ ሞተሯም በጥቂት ቡሎኖች የተያዘ ስለሆነ የለመደ እጅ ባጭር ጊዜ ያወርደዋል። ሁለት የወደቁ ቮልሶች አንዲት የምትሄድ ቮልስ ይሆናሉ፤ ይህ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። የሚያሳዝነው የወረደው የመኪናዋ የራሷ ሞተር ጥግ ተጥሎ በኪሎ ለቁርጥራጭ ብረት መሸጡ ነው። የሙስታንጓ ቤተሰብ ዕቃውን ሁሉ ይዞ ስለጠበቀ ነው ዛሬ ስሙ የሚነሳው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጨረታ ነው። አሮጌ መኪና በብዛት በሐራጅና በግልጽ ጨረታ የሚወጣው ከእነሱ ግቢ ነው፤ ስልሳዎቹን ያየ ላንድሮቨር፣ ቶዮታ፣ ቮልስም ይገኝበታል። ማስታወቂያው ሰሌዳ ቁጥር፣ ዓይነትና መነሻ ዋጋ ጠቅሶ «ባለበት ሁኔታ» ይላል። ተጫራቹ ሲፒኦ አስይዞ ዋጋውን በታሸገ ኤንቨሎፕ ያስገባል፤ ያሸነፈው ብዙ ጊዜ ብረቱን ፈልጎ ነው። መኪናዋ መቼ ተሠራች፣ የትኛውን መሥሪያ ቤት አገለገለች፣ ማን ተሳፈረባት የሚል አንድ መስመር የለም። በሜከም ጨረታ ግን የመኪናዋ ታሪክ ከነፎቶዋና ከነሰነዷ ቀድሞ ይሰራጫል፤ ዋጋውን የሚያንረው ያ ጽሑፍ ነው። አንድ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ከፋይሉ ላይ ሁለት አንቀጽ ቢገለብጥ መንግሥት የተሻለ ገንዘብ ያገኛል፤ መኪናዋም ከመጋዝ ትተርፋለች።

ሕጉም አንድ ቀዳዳ አለበት። የ2012ቱ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ እንዳይጎርፍ መከላከሉ ተገቢ ነው፤ የመንገድ ደኅንነትም የአየር ጥራትም ይጠይቀዋል። አገር ውስጥ ያለችው የስልሳ ዓመት ቮልስ ግን ከሰሞኑ ከገባ ያገለገለ መኪና በሌላ ዓይን መታየት አለባት። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ 30 ዓመት የሞላውና እንደነበረ ለተጠበቀ መኪና የተለየ ሰሌዳ ይሰጣል፤ ግብሩም አንድ ወጥ ነው። እንግሊዝ ደግሞ 40 ዓመት የሞላውን ከዓመታዊ የመንገድ ግብር ነጻ ታደርጋለች። የኢትዮጵያ ሰሌዳ የመኪናውን አገልግሎት እንጂ ዕድሜውን አይናገርም። የሲዳማ ክልል ትራንስፖርት ቢሮ፣ ክልሉ አዲስ መዋቅር የዘረጋ እንደመሆኑ፣ ለዕድሜ ጠገብ መኪኖች የተለየ መዝገብ ቢከፍት ለሌላው ምሳሌ ይሆናል። ቦሎ ሲሰጥ የሻንሲና የሞተር ቁጥር መመርመሩ አይቀርም፤ ውጤቱን በአንድ ዝርዝር ማኖር ብዙ ወጪ የለውም።

ቮልስ፣ ላንድሮቨር ወይም ሌላ የአባት የእናት መኪና በግቢያችሁ ያላችሁ ሰዎች ግን ቢሮውን አትጠብቁ። በዚህ ሳምንት ወንበሩን አንሱና ቁጥሩን አጽዱ፤ ከሊብሬው ጋር አስተያዩ፤ ሁለቱንም ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ። ባትሪው ሥር ዝገት ካለ ቁጥሩ ሳይነካ አሠሩት፤ የወረደ ሞተር ካለ አትሽጡት። መኪናዋን የምትሸጡ ከሆነም አሮጌውን ሊብሬ፣ የግዢ ደረሰኙንና ያሏችሁን ፎቶዎች ከቁልፉ ጋር ለገዢው አስረክቡ፤ ዋጋውንም በዚያው ልክ ጠይቁ።