የጎልፍ ዱላና የጋይንት ገና

ከነጋዴ ወዳጆቼ መካከል ጎልፍ የጀመሩ አሉ። መልካም ነው፤ ቅር የሚለኝ የዱላ አገዛዛቸው ነው። ቡና ሳይቀምስ፣ ሰሊጥ በመዳፉ ሳያሽ ብር የማይቆጥር ሰው፣ ለጎልፍ ሲሆን የፋብሪካውን ስም ብቻ አይቶ ሙሉውን ሴት ከውጭ ያስመጣል። እኔም አድርጌዋለሁ። የምመታት ኳስ ሁሉ ወደ ግራ ስትሄድ ሁለት ዓመት ሙሉ እጄን ረገምኩ። ጥፋቱ የዱላው ነበር፤ ለቁመቴ ረዝሟል።

ያሳፈረኝ ደግሞ ይህን በልጅነቴ የማውቀው መሆኑ ነው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ታኅሣሥ ሲገባ የገና ዱላ ከሱቅ የሚገዛ ልጅ አላየሁም። እያንዳንዱ ጫፉ በተፈጥሮው የቆለመመ እንጨት ፍለጋ ይወጣል። ካጣ እርጥቡን ቆርጦ፣ እሳት አሙቆ፣ አጥፎ በገመድ ያስረዋል። ደረቁን ላጥፍ ያለ ይሰብረዋል። ከዚያ ከወገቡ ጋር ለክቶ ትርፉን ይቆርጣል። የታላቅ ወንድም ዱላ ለታናሹ አይሆንም፤ ሩሯን ከመምታቱ በፊት አፈር ይምሳል።

አይረንም ከዚህ አይለይም። ዱላው ለሰውየው ሲረዝም የብረቱ አፍንጫ ይነሳል፣ ተረከዙ መሬት ይነካል፣ የቀኝ እጅ ተጫዋች ኳስ ወደ ግራ ትሄዳለች። ለማወቅ ፕላስተር ከብረቱ ሥር ለጥፈው በሳንቃ ላይ ቆመው ይምቱ፤ ጭረቱ ወደ ተረከዙ ከሆነ ዱላው ልክዎ አይደለም። ተቀጥቅጦ የተሠራ ለስላሳ ብረት አንድ ሁለት ዲግሪ ይታጠፋል። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰው ጠንካራ ብረት ግን እንደ ደረቁ እንጨት ነው፤ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሌላው ማታለያ ቁጥሩ ነው። ድሮ 7 ቁጥር አይረን ፊቱ 34 ዲግሪ ገደማ ይጋደል ነበር። ዛሬ ለጀማሪ ከሚሸጡት ብዙዎቹ 30 ወይም ከዚያ በታች ናቸው። «ሩቅ ይመታል» የሚባለው አንድም በዚህ ነው፤ የ6 ቁጥሩን ዱላ 7 ብሎ መጻፍ፣ የጆንያ ምልክት እንደ መቀየር ማለት ነው። መዘዙ ዌጅ ላይ ይመጣል። ከሴቱ ጋር የሚመጣው ዌጅ 44 ዲግሪ ሆኖ ቀጣዩ 56 ከሆነ፣ በመሐል የ12 ዲግሪ ገደል አለ። ከ4 እስከ 6 ዲግሪ እየተራራቁ ቢገዙ ይሻላል፤ ሕጉ ከ14 ዱላ በላይ ስለማይፈቅድ ለዌጅ ቦታ ለመልቀቅ ረጅም ዱላ ይቀንሱ። በበጋ እንደ ድንጋይ በሚደርቀው ሜዳችን ደግሞ ሥሩ በጣም ያበጠ ዌጅ አይግዙ፤ እሱ ለአሸዋና ለለስላሳ መሬት ነው። በደረቅ መሬት ይነጥርና ኳሷን ከወገቧ ይመታል።

ዱላ አስመጥቶ ለመሸጥ ላሰበ ነጋዴም አንድ ቃል አለኝ። ዱላውን ማንም ዘመድ በሻንጣ ያመጣዋል። ማጠፊያና መለኪያ መሣሪያ ይዞ፣ እጀታ የሚቆርጥና የሚቀይር ሰው ቀጥሮ የሚሠራ ግን ደንበኛው ደጋግሞ ይመጣለታል። በእኔ ግምት ትርፉ ከብረቱ ይልቅ ከልኩ ነው።

የኔን ሴት በግማሽ ዋጋ ሸጥኩት። የገዛኝ ሰው በቁመት ከእኔ አንድ ስንዝር ይበልጣል፤ ኳሱ ቀጥ ብላ ትሄዳለች አሉኝ።