ብዕሩን ለሥልጣን የለወጠው የሕግ ሊቅ

ፊዚክስ የተማረ ሁሉ ኧርስቴድ የሚለውን ስም ያውቀዋል፤ የኤሌክትሪክ ጅረት የኮምፓስን መርፌ እንደሚያዞር በ1820 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያሳየው ሃንስ ክርስቲያን ነው። የታናሽ ወንድሙ የአንደርስ ሳንዶ ኧርስቴድ (1778–1860) ስም ከስካንዲናቪያ አገሮች ውጭ እምብዛም አይነሣም። በዴንማርክና በኖርዌይ ግን የዘመናዊው የሕግ ሳይንስ አባት ተብሎ ይከበራል።

ሊቅነቱ ከዩኒቨርሲቲ ወንበር ይልቅ ከችሎት የበቀለ ነው። የካንትን ፍልስፍና በወጣትነቱ በጥልቀት ቢያጠናም፣ በ1801 ዳኛ፣ በ1810 ደግሞ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ከሆነ በኋላ ሕግን ከረቂቅ መርሕ ብቻ ለማውጣት አልሞከረም። በሥራ ላይ የነበረው የዴንማርክ ሕግ የወጣው በ1683 ነበር፤ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ የተከማቸውን ክፍተት የሞላው በአብዛኛው የፍርድ ቤቶች ልማድ ነው። ኧርስቴድ በሚያዘጋጃቸው የሕግ መጽሔቶች ፍርዶችን እያወጣ ምክንያታቸውን መረመረ፤ ደካማ የመሰለውንም ነቀፈ። ከ1822 ጀምሮ የታተመው ስድስት ቅጽ የሕግ መድበሉ የዚህ ልፋት ፍሬ ነው።

በ1826 ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በተነሣ ክርክር ገብቶ ስለ ጻፈ፣ ንጉሥ ፍሬድሪክ ስድስተኛ ከሥልጣንና ከደራሲነት አንዱን እንዲመርጥ አደረገው። የመንግሥቱ ዋና የሕግ አማካሪ ነበርና ሥልጣኑን መረጠ። በ1801 የ1799ኙን የፕሬስ ድንጋጌ የሚተነትን መጽሐፍ ያሳተመው እርሱ ራሱ መሆኑ የሚያስገርም ነው።

ለምርጫው መከላከያ ማቅረብ አይከብድም። መድበሉ በ1835 ተፈጸመ፤ ብዙ ሕጎችንም አረቀቀ፤ በአማካሪ ጉባኤዎችም ፊት የንጉሡ እንደራሴ ሆኖ ቆመ። ይሁንና ይህ ሁሉ የጠፋውን አይተካም። የታተመን ምክንያት ጠበቃም ተማሪም ሊሞግተው ይችላል፤ በጽሕፈት ቤት የተጻፈ ምክር ግን በንጉሡ ስም ሕግ ሆኖ ሲወጣ ደራሲውም ምክንያቱም ከዕይታ ይሰወራሉ። ሕዝባዊ ክርክር በተጠናከረባቸው በእነዚያ ዓመታት የአገሪቱ ታላቅ የሕግ አእምሮ እንደ ነፃ ጸሐፊ ሳይሆን እንደ መንግሥት ሰው ብቻ ተደመጠ፤ ለዘብተኞቹም የሚያውቁት በዚሁ መልኩ ነበር።

በ1853 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ በ1854 ወረደ። ፓርላማው ያልፈቀደው ገንዘብ ወጥቷል በሚል ከሚኒስትሮቹ ጋር ተከሶ በ1856 ነፃ ወጣ። በእነዚያው ዓመታት የሕይወቱንና የዘመኑን ታሪክ በአራት ቅጽ አሳተመ፤ የመጨረሻው ቅጽ በ1857 ሲወጣ ሰባ ስምንት ዓመቱ ነበር።