ትልቁ ጀበና ይውረድ

እሁድ ጠዋት የኮንዶሚኒየም ደረጃ ስትወርዱ የሚቆላ ቡና ይሸታችኋል። ከአራተኛ ፎቅም ይሸታል፣ ከታችም ይሸታል። ሽታው በየበሩ ስር ሾልኮ ይወጣል፤ ሰው ግን አይወጣም። እኛ ብሎክ እንዲህ ነው። እናንተም ጋ ከዚህ የተለየ አይመስለኝም።

ከእኛ በላይ አንዲት እናት ይኖራሉ። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሲፈርስ የመጡ ናቸው። ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል፣ ሊፍት ደግሞ የለንም። ስማቸውን ሳላውቅ ዓመት አለፈኝ። ያወቅሁት ውሃ በጠፋ ሰሞን ጀሪካን ተሸክሜላቸው ስገባ ነው። ረከቦቱ ላይ ስኒው ተደርድሯል፤ ጀበናው ግን የአንድ ሰው ነው፣ ትንሽዬ። ትልቁ ቁም ሳጥን ላይ በፌስታል ተጠቅልሎ ተቀምጧል። “እማማ፣ ያንን ለምን አያወርዱትም?” አልኳቸው። “ለማን ብዬ ልጄ?” አሉ። ቀጥለውም “ለቀብሬስ ዕድሬ አለ። ሰው ያጣሁት ለቡናዬ ነው” አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ይህ ንግግር አልለቀቀኝም። የዕድራቸውን መዋጮ ዛሬም ለድሮው ሰፈር ዕድር ነው የሚልኩት። እኛ ብሎክ ደግሞ ዕድር ይቋቋም የሚለው ወሬ የሚነሳው ሰው በሞተ ማግስት ነው። ድንኳን የሚተክል፣ ወንበር የሚያመጣ፣ ሦስት ቀን የሚያስተዛዝን ሕዝብ ነን። በቁም ያለውን ለመጠየቅ ምን ያዘን?

ቤቱ በዕጣ ሲደርሰን ጎረቤቱም አብሮ በዕጣ ደረሰን። በድሮው ግቢ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ወጥ ቤት ሳንወድ ያስተዋውቀን ነበር። (የጋራ ሽንት ቤቱ ናፈቀኝ የሚል ካለ ግን በአካል መጥቶ ይንገረኝ።) አሁን ማንም አያስገድደንም፤ ስለዚህ መተዋወቁን ራሳችን ካልጀመርነው ማንም አይጀምርልንም። የብሎካችን የቴሌግራም ግሩፕ አለ ትሉኝ ይሆናል። “ውሃ መጣ እንዴ?”፣ “ነጭ ቪትዝ ያቆመው ሰው ያንሳልን” እንባባልበታለን። በዓል ሲመጣ የአበባ ሥዕል ይለጠፋል። ከእኛ በላይ ያሉት እናት ስማርት ስልክ የላቸውም።

መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ከአራት ሰው በላይ ሆኖ መሰብሰብ ተከልክሎ ነበር። ያኔ አንድ ስኒ ቡና ከጎረቤት ጋር መጠጣት እንዴት እንደናፈቀን እናስታውስ። አዋጁ አምስት ወር ቆይቶ አበቃ። ዛሬ የከለከለን ማን ነው?

ስለዚህ ጎረቤቶቼ፣ ተራ እናውጣ! በአንድ ደረጃ አሥር ቤት ካለ፣ በየሳምንቱ አንድ ቤት ቢያፈላ ተራው የሚደርሳችሁ በአሥር ሳምንት አንዴ ነው። ቡና ተወዷል፣ አውቃለሁ፤ በተራ ይሁን የምለውም ለዚሁ ነው። ቡና የማይጠጣ ሻይ ይጠጣ። ረመዳን ሲሆን ከአፍጥር በኋላ እናድርገው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪወርድ ስልክ ኪስ ውስጥ ይቆይ።

የማኅበር ኮሚቴ የሆናችሁ ደግሞ ወደ ኮሚናሉ ተመልከቱ። ሕንፃው የተሠራው ለድግስ፣ ለዕድር፣ ለለቅሶ፣ ለእንጀራ መጋገሪያ ነበር፤ ስንቱ ዛሬ ለሱቅና ለመጋዘን ተከራይቷል? ሁሉንም መልሱ አልልም። አንድ ክፍል፣ በሳምንት አንድ ቀን ክፍት ይሁን።

ዱባይ፣ ዋሽንግተን፣ ቤይሩት ያላችሁ ልጆችም ጥሪው ይመለከታችኋል። የምትልኩት ብር ይደርሳል። እናታችሁ ስልክ ባያነሱ ግን ለማን ትደውላላችሁ? ዛሬውኑ የአንድ ጎረቤታቸውን ቁጥር ተቀበሉ። ለዚያ ሰው ጉዳይ ሳይኖራችሁም ደውሉለት፤ “እናቴን አደራ” በሉት።

የእኛ ብሎክ በመጪው እሁድ ይጀምራል፣ ከቅዳሴ መልስ አራት ሰዓት ላይ። እማማ መውረድ ስለማይችሉ የመጀመሪያው ተራ አራተኛ ፎቅ ነው። ስኳሩን ሁለተኛ ፎቆች፣ ፈንዲሻውን መሬት ያሉት ችለዋል። ስኒ እንዳያንስ አንዳንድ ይዛችሁ ውጡ። ትልቁን ጀበና ከቁም ሳጥኑ ላይ የማወርደው እኔ ነኝ።